በፍላሽ ተይዞ ስለሚዞር ኦፐሬቲንግ ሲስተምና ሥራን ስለሚያጸናበት መንገድ

በየዞኑና በየወረዳው የግብርና ሥራ ለተሰጣችሁ ሹማምንትና ጸሓፊዎች የተጻፈ።

የመሥሪያ ቤት ሥራ ከቃል ወደ መዝገብ ካልገባ እንዳልተሠራ ይቈጠራል። የገበሬው ስም፣ የመሬቱ ስፋት፣ የወሰደው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ የከፈለውና የቀረበት ገንዘብ ተጽፎ ካልተገኘ፣ ክርክር በተነሣ ጊዜ ገበሬውም ጸሓፊውም ፈራጁም ይቸገራሉ። ዛሬ መዝገቡ አብዛኛውን ጊዜ በኮምፒዩተር የሚጻፍ ስለ ሆነ፣ ኮምፒዩተሩ የተበላሸ እንደ ሆነ መዝገቡም አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ የራሱ ኮምፒዩተር ሳይኖረው፣ ሥራውን ከነመሣሪያው ባንዲት ፍላሽ ይዞ እየዞረ በተገኘው ኮምፒዩተር ሁሉ የሚሠራበትን ዘዴ፣ ጥቅሙንም ጉዳቱንም ሳንደብቅ እናስረዳለን።

ነገሩን በሥፍራው ለማየት የሐሮ ወንጪን አገር እንውሰድ። ሐሮ በአፋን ኦሮሞ ሐይቅ ማለት ነው። ወንጪ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል፤ የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውሃ ሞልቶት ሐይቅ የሆነበት፣ ዙሪያው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚያልፍ ደጋ ነው። ሕዝቡ ገብስና ድንች ያመርታል፤ እንሰት ይተክላል፤ ንብም ያረባል። በዚህ ደጋ ባለ ቀበሌ የሚሠራ አንድ የልማት ሠራተኛ አለ እንበል። የሦስት መቶ ገበሬዎችን ስምና የማዳበሪያ ጥያቄ በደብተር ይመዘግባል፤ ከዚያም ወደ ወረዳው ከተማ ወይም ወደ አምቦ ወርዶ፣ በዕለቱ ሰው ባልያዘው ኮምፒዩተር ይጽፈዋል። አንዱ ቀን ኮምፒዩተሩ ቫይረስ ያለበት ይሆናል፤ ሌላው ቀን የጽሕፈት ፕሮግራሙ የጠፋበት ይሆናል፤ በሌላው ቀን ደግሞ ባለፈው ሳምንት የጻፈውን ሰው ደልዞበት ያገኘዋል። ይህ ዝርዝር በሰኔ ወር የጠፋ እንደ ሆነ፣ ገበሬዎቹ ስማቸውን እንደ ገና ለማስመዝገብ በጭቃው መንገድ መመላለስ ግድ ይሆንባቸዋል፤ የዘር ወቅት ግን ማንንም አይጠብቅም። የምንነጋገርበት ነገር ከዚህ ጉዳት የሚጠብቅ አንድ መሣሪያ ነው።

1ኛ፤ የነገሩ ምንነት

ኮምፒዩተር የሚነሣው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሚባለው መሪ ፕሮግራም ነው። ይህ መሪ ፕሮግራም እንደ ልማዱ በኮምፒዩተሩ የውስጥ ዲስክ ይቀመጣል። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ሲነሣ፣ የውስጡን ትቶ በፍላሽ ያለውን መሪ እንዲከተል ማዘዝ ይቻላል። በዚህ ጊዜ የውስጥ ዲስኩ ቢታመም፣ ጨርሶም ባይኖር፣ ኮምፒዩተሩ ይሠራል። ይህ ዓይነቱ ፍላሽ የሚያስነሣ ፍላሽ ይባላል።

ለዚህ አገልግሎት የተመረጠው ሊኑክስ የተባለው ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1991 በሄልሲንኪ ጀመረው፤ ማንም ሰው ያለ ዋጋ ሊወስደው፣ ሊገለብጠውና ሊያሻሽለው የተፈቀደ ነው። በ2000 ክላውስ ክኖፐር የተባለ ጀርመናዊ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ ምንም ሳይጫን ከሲዲ ብቻ ተነሥቶ የሚሠራውን ክኖፒክስን አወጣ። በ2004 ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ የሆነው ማርክ ሻትልወርዝ ኡቡንቱን አስጀመረ፤ ዛሬ ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀለው ይህ ነው። ማይክሮሶፍትም ዊንዶውስን በፍላሽ ይዞ ለመዞር የሚያስችል ዊንዶውስ ቱ ጎ የተባለ ዘዴ ነበረው፤ ነገር ግን በ2020 ከዊንዶውስ 10 ውስጥ አወጣው።

ይኸው ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 በመደበኛነት ይሰጥ የነበረውን የጥበቃ እድሳት አቁሟል። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ብዙ ኮምፒዩተሮች ዊንዶውስ 11ን ለመቀበል አይችሉም። መሥሪያ ቤቱ አዲስ እስኪገዛ ድረስ እነዚህን በሊኑክስ ፍላሽ እያስነሡ መሥራት፣ ደኅና ዕቃ በከንቱ ከመጣል ያድናል።

2ኛ፤ የሚጠፋውና የሚጸናው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። በተለመደው አሠራር የተዘጋጀ የሚያስነሣ ፍላሽ ረሺ ነው። ኡቡንቱ በፍላሹ ላይ የሚቀመጠው ታሽጎና ተጨምቆ፣ የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ሆኖ ነው። በሥራ ጊዜ የምትለውጡት ሁሉ፣ የምትጽፉት ደብዳቤም ሆነ የምትጭኑት ፕሮግራም፣ በኮምፒዩተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ማለት በራም ላይ ይቈያል። ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ወይም መብራት ሲሄድ ያ ሁሉ ይጠፋል፤ በማግሥቱ ስታስነሡት እንደ ተፈጠረበት ቀን ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ይህን ለማስቀረት በዚያው ፍላሽ ላይ ሌላ የሚጻፍበት ክፍል ይዘጋጃል። ባለሙያዎች ፐርሲስተንስ ይሉታል፤ እኛ የማጽኛ ክፍል እንበለው። አሠራሩን የብራና መጻሕፍትን የሚያውቅ ሰው ቶሎ ያስተውለዋል። ዋናው ጽሑፍ አይፋቅም፤ እርማቱና ጭማሪው በኅዳጉ ይጻፋል፤ አንባቢው ግን ሁለቱን አስተባብሮ ባንድ ጊዜ ያነባል። እንደዚሁ ሁሉ ኮምፒዩተሩ የታሸገውን ክፍል ከታች፣ የማጽኛውን ክፍል ከላይ አድርጎ ሁለቱን እንዳንድ ያሳያል። ለውጥ ሁሉ በላይኛው ብቻ ይጻፋል።

ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ፤ ያላወቃቸው ሰው ይሳሳታል።

አንደኛ፤ አብሮ የመጣውን ፕሮግራም ብትሰርዙ ቦታ አታተርፉም። የታችኛው አይነካምና፣ በላይኛው ላይ «ይህ እንዳይታይ» የሚል ምልክት ብቻ ይጨመራል።

ሁለተኛ፤ ፕሮግራሞቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ ማደስ የማጽኛውን ክፍል ይሞላዋል። አሮጌው ከታች ሳይነሣ አዲሱ ከላይ ይደረባልና። ከርነል የሚባለው የሲስተሙ አስኳል ደግሞ በተለመደው አሠራር ከታሸገው ክፍል ስለሚነሣ፣ አዲስ ቢጫንም አሮጌው መሥራቱን አይተውም። ስለዚህ በየጊዜው ሁሉን ከማደስ ይልቅ፣ አዲስ የኡቡንቱ እትም ሲወጣ ጽሑፉን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ ፍላሹን እንደ ገና ማዘጋጀት ይሻላል።

ሦስተኛ፤ የማጽኛው ክፍል ቢበላሽ ዋናው ሲስተም አብሮ አይበላሽም። ፍላሹን ያለ ማጽኛ ማስነሣት፣ ከዚያም የታመመውን ክፍል እንደ ተራ ዲስክ ከፍቶ የተረፈውን ፋይል መገልበጥ ይቻላል።

3ኛ፤ ዕቃውን ስለ መምረጥ

የፍላሹ ስፋት 32 ጊጋባይት ቢሆን መልካም ነው። የዛሬው ኡቡንቱ ወደ 6 ጊጋባይት ይወስዳል፤ የቀረው ለማጽኛና ለጽሑፍ ይበቃል። ዩኤስቢ 3 የሚባለው ዓይነት ከአሮጌው ዩኤስቢ 2 እጅግ ይፈጥናል፤ የብዙዎቹም አፍ ውስጡ ሰማያዊ ነው። በገበያ ላይ በውሸት ስፋት የተጻፈባቸው ፍላሾች አሉ፤ 64 ይላሉ፣ ውስጣቸው ግን 8 ይሆናል። እንዲህ ያለው ዕቃ የሞላ መስሎ ሳይታወቅ ጽሑፍ ያጠፋል። ስለዚህ አዲስ ፍላሽ በገዛችሁ ጊዜ እስከ አፉ በፋይል ሞልታችሁ፣ የገባው ሁሉ መልሶ በትክክል የሚከፈት መሆኑን አረጋግጡ። ኤፍ ስሪ የተባለ ነጻ ፕሮግራም ይህን ምርመራ ራሱ ያደርጋል።

4ኛ፤ አዘገጃጀቱ

ሥራው ካንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም፤ የሚያስፈልገውም ዊንዶውስ ያለበት አንድ ደኅና ኮምፒዩተርና፣ ኡቡንቱን ለማውረድ ጥሩ ኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነበት ወረዳ፣ አንድ ሰው አምቦ ወይም አዲስ አበባ በሄደ ጊዜ አውርዶ ቢያመጣው ለሁሉም ይበቃል።

ሀ) ኡቡንቱን ከራሱ ከአዘጋጁ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ከፋይሉ ጋር የማረጋገጫ ቍጥር ይወጣል። የወረደው ፋይል ቍጥር ከዚያ ጋር አንድ ካልሆነ፣ ፋይሉ በመንገድ ተበላሽቷል ወይም ሰው ነክቶታል፤ አትጠቀሙበት።

ለ) በፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ አስቀድማችሁ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ በአዘገጃጀቱ ጊዜ ፈጽሞ ይጠፋልና።

ሐ) ሩፉስ የተባለውን ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ክፈቱ፤ ፍላሹን ምረጡ፤ ቀጥሎም የወረደውን የኡቡንቱ ፋይል ምረጡ። በዚህ ጊዜ የማጽኛውን ክፍል ስፋት የሚጠይቅ መስመር ይወጣል። መጀመሪያ ዜሮ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዜሮ ሆኖ ከተተወ፣ የሚነሣ ግን የሚረሳ ፍላሽ ይወጣል። በ32 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ እስከ 20 ጊጋባይት ድረስ ስጡት።

መ) ጀምር የሚለውን ተጭናችሁ እስኪፈጽም ጠብቁ፤ በመካከል አትንቀሉት።

በአሮጌው አሠራር ማጽኛው ራሱን የቻለ ክፍል ሳይሆን፣ ፋት 32 በተባለው አከፋፈል ላይ የሚቀመጥ አንድ ትልቅ ፋይል ነበር፤ ፋት 32 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። ስለዚህ በአሮጌ መመሪያ «ከ4 አይለፍ» የሚል ቃል ብታገኙ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ራሱን በቻለ ክፍል ላይ ይህ ወሰን የለም። ከኡቡንቱ ሌላ ደቢያን የተባለውን የሚወድ ሰው ቢኖር፣ በዚያም ማጽኛ አለ፤ ነገር ግን ክፍሉ የታዘዘለትን ስም መያዝ አለበት፤ በውስጡም ምን ምን እንደሚጸና የሚናገር ትንሽ የትእዛዝ ፋይል ይቀመጣል። እጅግ ላረጁ ኮምፒዩተሮች ፓፒ ሊኑክስ የተባለው ቀላል ሲስተም ይስማማል፤ እርሱ ሲዘጋ ሥራው በፋይል ይቀመጥ እንደ ሆነ ራሱ ይጠይቃል።

5ኛ፤ ማስነሣትና መፈተን

ፍላሹን ሰክታችሁ ኮምፒዩተሩን ስታበሩ፣ ወዲያው የማስነሻ ምርጫ የሚያወጣውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ምቱ። በብዙዎቹ ዴልና ሌኖቮ ኮምፒዩተሮች ላይ ኤፍ 12፣ በብዙዎቹ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ነው። ከሚወጣው ዝርዝር ፍላሹን ምረጡ። ኡቡንቱ ሲከፈት «ልሞክር» እና «ልጫን» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ያቀርባል። ሁልጊዜ ልሞክር የሚለውን ምረጡ። ልጫን የሚለው የኮምፒዩተሩን የውስጥ ዲስክ ወደ መደምሰስ ሊያደርስ ይችላል፤ በዚያ ዲስክ ደግሞ የሌላ ሰው ሥራ አለበት። የውስጥ ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው ቁልፍ የተዘጋ ኮምፒዩተር ላይ የማስነሻ ሥርዓቱን ብትለውጡ፣ በኋላ ዊንዶውስ የመልሶ ማግኛ ቍጥር ሊጠይቅ ይችላልና፣ ኃላፊው ቍጥሩን መያዙን ሳትጠይቁ አትንኩት። በማናቸውም የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ በዚህ መንገድ ከመሥራት በፊት የኃላፊው ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከተከፈተ በኋላ አንድ ትንሽ ጽሑፍ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ኮምፒዩተሩን በሥርዓት ዝጉ፤ እንደ ገና አስነሡ። ጽሑፉ ካለ ማጽኛው ሠርቷል። ከዚያም በሌላ ዓይነት ኮምፒዩተር ላይ ይህንኑ ፈተና ድገሙት። ሁለቱን ፈተና ሳያልፍ የገበሬ ስም በፍላሹ ላይ አይጻፍ።

ቀጥሎ የጽሕፈቱን ነገር አስተካክሉ። በምዕራብ ሸዋ የመሥሪያ ቤት ሥራ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ይጻፋል፤ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚላከው ደግሞ በአማርኛ ስለ ሆነ፣ ጸሓፊው ሁለቱንም ፊደል ይፈልጋል። የግዕዝ ፊደል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ ሊኑክስ ላይ አማርኛ መጻፍ ችግር የለበትም፤ የፊደሉን መልክና የአማርኛውን የቁልፍ አቀማመጥ አንድ ጊዜ መጨመር ይበቃል። ያለ ማጽኛ ይህን በየጥዋቱ መድገም ያስፈልግ ነበር፤ በማጽኛው ግን አንድ ጊዜ የተስተካከለው በሄዳችሁበት ሁሉ ይከተላችኋል።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር ልብ በሉ። ዊንዶውስ የኮምፒዩተሩን ሰዓት በአገሩ ሰዓት ያስቀምጣል፤ ሊኑክስ ግን ሰዓቱ በግሪንዊች እንደ ተቀመጠ አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የ3 ሰዓት ልዩነት ሊታይ ይችላል። ቀኑና ሰዓቱ በሰነድ ላይ የሚጻፍ ከሆነ አስቀድሞ ይስተካከል።

6ኛ፤ ስለ ጥበቃው

ፍላሽ ሲጻፍበትና ሲደመሰስበት የሚያረጅ ዕቃ ነው፤ ዕድሜው የተወሰነ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲሠራ ደግሞ ሳይታዘዝም ብዙ ይጽፋል። ስለዚህ ማጽናት ማለት ለዘለዓለም ማኖር ማለት አይደለም። ፍላሹ የሥራ ጠረጴዛ ነው እንጂ መዝገብ ቤት አይደለም። በጠረጴዛ ላይ የተሠራ ሁሉ ማታ ወደ ሣጥን መግባት አለበት። ከዚህ የተነሣ የሚከተለውን ልማድ አድርጉ።

በየዕለቱ ሥራ ሲያልቅ ጽሑፉ ወደ ሁለተኛ ፍላሽ ይገልበጥ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ባንድ ኪስ አይያዝ። በየሳምንቱ አንድ ግልባጭ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። የማዳበሪያና የዘር ዝርዝር ሲያልቅ በወረቀት ታትሞ ይፈረምበት፤ ወረቀት መብራት ሲሄድ አብሮ አይሄድምና።

ፍላሹ በሥራ ላይ ሳለ ፈጽሞ አይነቀል፤ ሁልጊዜ ኮምፒዩተሩ ከተዘጋ በኋላ ይነቀል። በክረምት መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ቦታ ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ቢመረጥ ይሻላል፤ በጽሑፍ መካከል የተቋረጠ ኃይል የማጽኛውን ክፍል ሊያበላሽ ይችላልና።

በመጨረሻም ምስጢርን መጠበቅ ያስፈልጋል። የኡቡንቱ ማጽኛ በተለመደው አዘገጃጀት አይቈለፍም፤ ፍላሹን ያገኘ ሰው ሁሉ ሊያነበው ይችላል። በላዩ ያለው ደግሞ የገበሬዎች ስም፣ የስልክ ቍጥርና የገንዘብ ነገር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ፣ እንዲህ ያለውን መረጃ መጠበቅ የጨዋነት ነገር ብቻ ሳይሆን የሕግ ግዴታ ነው። ቀላሉ ዘዴ ዝርዝሩን በሊብሬኦፊስ ስታስቀምጡ በይለፍ ቃል መቈለፍ ነው። ሰፋ ላለ ሥራ ቬራክሪፕት የተባለው ፕሮግራም የተቈለፈ ሣጥን ያበጃል። ቴልስ የተባለው ሌላ ሊኑክስ ደግሞ የማጽኛውን ክፍል ከመጀመሪያው በይለፍ ቃል ዘግቶ ይሠራዋል፤ ነገር ግን ኢንተርኔቱን በረጅም መንገድ አዙሮ ስለሚወስደው በደካማ መስመር ላይ ይዘገያል። የይለፍ ቃሉ የተረሳ እንደ ሆነ ጽሑፉን የሚመልስ ባለሙያ የለም፤ ስለዚህ በታሸገ ፖስታ በኃላፊው ሣጥን ይቀመጥ።

የሊኑክስ ፍላሽ ለዊንዶውስ የተሠሩ ቫይረሶች በራሱ ላይ አይሠሩበትም። ይሁን እንጂ ቫይረስ ያለበትን ፋይል ተሸክሞ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሊያደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ፋይል ሳይመረመር አይገልበጥ።

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ ያላችሁ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ከሠራተኞቻችሁ መካከል ኮምፒዩተር የሚያውቅ አንድ ሰው መርጣችሁ፣ በመጀመሪያ ሁለት ፍላሽ ብቻ እንዲያዘጋጅ አድርጉ፤ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። አንድ ወር ተፈትኖ ደኅና ሲሆን ለልማት ሠራተኞቹ ይታደል። የሚታደለውም ከግንቦት በፊት ይሁን፤ የማዳበሪያው ዝርዝር በሚሰበሰብበት ወራት አዲስ መሣሪያ መማር ለሠራተኛውም ለገበሬውም አይመችም።